«ጨነቀኝ» ወይስ «ጭንቀታም ነኝ»? የቡድሃ የእኔነት ትምህርትና የሥነ ልቦና ሕክምና

ጉም ዘሐረጎ (ደሴ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የምኖር፣ በሥነ ልቦና ትምህርት ተመርቄ የምክር አገልግሎት የምሰጥ ሰው ነኝ። ላለፉት ጥቂት ወራት ቡድሂዝም ስለ እኔነት የሚያስተምረውን ሳነብ ቆይቼ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ስለነሣኝ እዚህ ላቀርበው ወደድኩ። ሃይማኖት ለመስበክም ለመንቀፍም አይደለም። ጥያቄዬ ይህ ትምህርት ጨንቆት ወደ እኛ ለሚመጣ ሰው ምን ይፈይዳል የሚል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው «ቡድሃ ሰው የሚባል ነገር የለም ብሏል» ብሎ ነገሩን ስለሚያልፈው፣ በመጀመሪያ ትምህርቱን ራሱን ላቅርብ። ቃሉ በጥንታዊዎቹ የቡድሂዝም መጻሕፍት ቋንቋ በፓሊ «አናታ» ነው፤ «ራስ ያልሆነ» እንደ ማለት ነው (ከእኛ «አናት» ጋር ዝምድና የለውም፤ መጀመሪያ ስሰማው ግን እኔም ራሴን ዳብሻለሁ)። ቡድሃ በሕንድ በቤናሬስ ከተማ አቅራቢያ በአጋዘኖቹ ዱር ለአምስቱ የመጀመሪያ ተከታዮቹ በሰጠው ሁለተኛ ትምህርት፣ ሰው «እኔ» የሚለውን በአምስት ክምችቶች ይዘረዝረዋል፦ አካል፣ ደስ የሚል ወይም የሚያስከፋ ስሜት፣ ነገሩን ይህ ነው ብሎ መለየት፣ ፈቃድና ልማድ የሚያበጁት ዝንባሌ፣ በመጨረሻም ማወቅ። አካልህ በእርግጥ አንተ ቢሆን ኖሮ «እንዲህ ሁን፣ እንዲያ አትሁን» ብለህ ልታዘው በቻልክ ነበር ይላል፤ አካል ግን ሳያስፈቅድህ ይታመማል፣ ያረጃል። ስሜትም ሐሳብም እንደዚሁ ሳይጠሩት መጥቶ ሳያሰናብቱት ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን «ይህ የእኔ አይደለም፤ ይህ እኔ አይደለሁም፤ ይህ ራሴ አይደለም» ብላችሁ ተመልከቱት ብሎ ያስተምራቸዋል። እኔ እንደገባኝ ይህ ስለ ሰው መኖርና አለመኖር የተሰጠ ፍርድ ሳይሆን የአመለካከት ልምምድ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታዋቂ ምሳሌ የሠረገላው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረውን ግሪካዊ ንጉሥ ሜናንደርን ናጋሴና የተባለ መነኩሴ «የመጣህበት ሠረገላ የትኛው ነው? መንኮራኩሩ ነው? ወሳንሱ ነው? ቀንበሩ ነው?» እያለ እንደጠየቀው ይተረካል። እኔ ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሙጋድ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ባጃጅ ሲፈታ ሳይ ነው። ጎማዎቹ በአንድ ወገን፣ ሞተሩ በዘይት በራሰ ጆንያ ላይ፣ ሸራው አጥር ላይ ተሰቅሎ፣ መሪው ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ባለቤቱ መጥቶ «ባጃጄ የታለ?» ሲል መካኒኩ እጁን በዙሪያው ላለው ሁሉ ዘረጋ። አንዱንም ነጥሎ ሊያሳየው አልቻለም፤ አንድም የጎደለ ዕቃ ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የማስተዋል (ትንፋሽንና ሐሳብን ሳይፈርዱ የመከታተል) ሥልጠና ጀመረ፤ ልምምዱን ከቡድሂዝም ወስዶ ሃይማኖታዊ ልብሱን አወለቀለት። ቆይቶም ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል ይህንኑ ከኮግኒቲቭ ቴራፒ (የሰውን የአስተሳሰብ ልማድ ከሚመረምር የምክክር ሕክምና) ጋር አጣመሩት። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ጥናታቸው 145 ሰዎች ተሳትፈዋል። ድብርት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰባቸው መካከል የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት 66 በመቶው ሲያገረሽባቸው፣ ሥልጠናውን ጨምረው ከወሰዱት ያገረሸባቸው 37 በመቶው ነበሩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ለታመሙት ግን ጥቅም አልታየም። አዘጋጆቹ ሠራ ያሉት ነገር ቀላል ይመስላል፦ ሰውየው «ዋጋ ቢስ ነኝ» ከማለት ይልቅ «ዋጋ ቢስ ነኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ማለትን ይለምዳል። ሐሳቡ አልተከራከረውም፤ እርሱም ሐሳቡን አልተከራከረውም። ከሐሳቡ ጋር አንድ መሆኑን ብቻ ተወ።

እንቅልፍ የነሣኝ ታዲያ ይህ ነው። አማርኛችን ይህን ሥራ ቀድሞ የሠራልን ይመስለኛል። «ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደበረኝ፣ ታከተኝ፣ ሆድ ባሰኝ» እንላለን። በእነዚህ ሁሉ «እኔ» አድራጊ አይደለሁም፤ አንድ ነገር መጥቶ ያዘኝ፣ ሲበቃው ይለቀኛል። እናቴ ዕድሜ ልኳን «ጨነቀኝ» ብላ «ተወኝ» ስትል ኖራለች። በቅርብ ዓመታት ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች ግን «ጭንቀታም ነኝ»፣ «ዲፕረስድ ነኝ» ይሉኛል፤ እንግዳ የነበረው ነገር የቤቱ ባለቤት ሆኗል። «ነኝ»ን ወደ «ኝ» መመለስ ብቻውን የሕክምና መጀመሪያ ሊሆን አይችልም ትላላችሁ? ሐሳባችሁን በትሕትና እጠብቃለሁ።

ድርና ማግ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው ስለ ክር ነው፤ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ስለ ባጃጁ ያሉትን በክር ብነግርዎ ይቀለኛል። አንድ የጥጥ ፋይበር ርዝመቱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አንድ ኮን ላይ የተጠቀለለው ክር ኪሎ ሜትሮች ቢሄድም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ አንድም ፋይበር በውስጡ የለም። የያዘው ግምዱ ነው። ግምዱን ቢፈቱት እጅዎ ላይ ብናኝ ይቀራል እንጂ «ክሩ ይህ ነበር» የሚሉት ነገር አያገኙም። ይህን ያህሉ ያስማማኛል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ከወጣ በኋላ ወደ ሥራ ተመለስን። አንድ ሌሊት በፈረቃዬ ላይ ሳለሁ ከኋላዬ አንድ ሰው የብረት ዘንግ ከእጁ አምልጦት ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ራሴን ያገኘሁት የሽመና ማሽኑ ሥር ነው፤ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ጓደኞቼ አነሡኝ፣ ውሃ አጠጡኝ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እጄ መንቀጥቀጡን አቆመ። ያ አምስት ደቂቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለሳምንታት «አዩኝ፤ እኔ እኮ ፈሪ ነኝ፤ ከዚህ በኋላ ሰው አልሆንም» የሚለው ነገር ከላዬ አልወርድ አለ። ሌሊት ሌሊት አሁንም ይመጣል። እርስዎ «ይህ እኔ አይደለሁም» በል ይሉኛል፤ እኔ ግን ማሽኑ ሥር የነበርኩት እኔ ነኝ። ታዲያ የትኛውን ነው እኔ አይደለሁም የምለው?

ጉም ዘሐረጎ

ወንድሜ ድርና ማግ፣ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ የእርስዎ አምስት ደቂቃና ሳምንታት ነገሩን አጥርተውታል። ቡድሃ ስለ ሁለት ቀስቶች የተናገረው ምሳሌ አለ። ያልተማረ ሰው በአንድ ቀስት ይወጋና ወዲያው በሁለተኛ ቀስት እንደተወጋ ይሆናል፤ የመጀመሪያው የአካል ሕመም ሲሆን ሁለተኛው በሕመሙ ላይ የሚደርበው ኀዘንና እሪታ ነው። የተማረውም ሰው የመጀመሪያው ቀስት አይቀርለትም። ማሽኑ ሥር የከተተዎት የመጀመሪያው ቀስት ነው፤ ያን ጊዜ በከተማው የነበረ ሰውነት የተማረውን ሠራ፤ ያሳፍራል የምለው ነገር የለውም። «ፈሪ ነኝ» ግን ሁለተኛው ነው። «ይህ እኔ አይደለሁም» የምለው ስለ ድንጋጤው ሳይሆን ስለዚህ ፍርድ ነው።

ጃፓናዊው የአእምሮ ሐኪም ሾማ ሞሪታም በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዚህ የሚቀራረብ መንገድ ይከተል ነበር። ታካሚዎቹ ጭንቀቱን ለማባረር እንዳይታገሉና እንዳለ ትተውት ወደ ሥራ እንዲመለሱ ያደርግ ነበር፤ መጀመሪያ ፍጹም ዕረፍት፣ ከዚያ ቀላል ሥራ፣ ከዚያ ከበድ ያለ ሥራ። እርስዎ ማንም ሳይነግርዎ ወደ ፈረቃዎ ተመልሰዋል።

የሰዋስው መምህር (ጡረታ፣ ደሴ)

ልጄ ጉም ዘሐረጎ፣ ስለ ቋንቋችን ያነሣኸው ደስ አሰኝቶኛል፤ ነገር ግን አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ያየኸው ስለሆነ ላርምህ። «ጨነቀኝ፣ ከፋኝ» ያልከው ልክ ነው፤ «ራበኝ፣ በረደኝ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ ስሜቱ ባለቤት፣ ሰውየው ተሳቢ ነው። ሆኖም «ፈራሁ፣ አዘንኩ፣ ተናደድኩ፣ ደነገጥኩ፣ ቀናሁ» እንላለን፤ በእነዚህ ባለቤቱ ራሱ «እኔ» ነው። አማርኛ ሁሉንም ስሜት እንደ እንግዳ አይቀበልም፤ አንዳንዱን የሰውየው የራሱ ሥራ ያደርገዋል። ኮምቦልቻ ያለው ወንድማችን «ፈራሁ» ቢል ሰዋስው ከሁለተኛው ቀስት አያድነውም።

ሁለተኛ፣ «ጨነቀኝ» ውስጥ ያለውን «ኝ» ረስተኸዋል። ያዘው እንጂ አልጠፋም። ከአድራጊነት ወርዶ ተደራጊ ሆነ እንጂ እኔነቱ በፊደል ተቀምጧል። የቡድሃን ትምህርት እንዳቀረብከው ከሆነ እርሱ ያንን «ኝ» ራሱን ፈልጉት የሚል ይመስለኛል። ስለዚህ ቋንቋችን መንገዱን እስከ አጋማሹ ያደርስሃል ብትል እስማማለሁ፤ ቀድሞ ሠርቶታል ማለት ግን ለአማርኛ ያላደረገውን መስጠት ነው። (ለመሆኑ «ደበረኝ» በእኔ ልጅነት እምብዛም አይሰማም ነበር፤ «ከፋኝ» ነበር የምንለው። ይህ ግን ሌላ ወሬ ነው።)

ጋራዥ ሙጋድ (ደሴ)

ያ ባጃጅ የተፈታው ምናልባት በእኛ በር ላይ ይሆናል። መነኩሴው ግን አንድ ነገር ዘሏል፤ ሊብሬውን። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ባለቤት አለው፣ ታርጋ አለው። ሞተሩን ብንቀይረው ቁጥሩ ይስተካከላል እንጂ ሌላ ባጃጅ ሆነ አይባልም። ባጃጁ ሰው ቢገጭ ደግሞ ትራፊክ ፖሊሱ ፊት «ጌታዬ፣ ሲፈታ ባጃጅ የሚባል ነገር የለውም» የሚል ሾፌር እስካሁን አላየሁም። እኔነት ዕቃ አይደለም ካላችሁ እስማማለሁ፤ ሊብሬ ነው ባይ ነኝ። ወረቀት ነው፣ ግን ያለ እርሱ መንገድ አይወጣም።

ቦርከና ማዶ (የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ኮምቦልቻ)

ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ፤ አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ታካሚዎች የምጽፈውን ማንም እንዳይታወቅ ለዋውጬዋለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ አንዲት እናት መጣች። ነጠላዋን ገልጣ ክንዷን እየቆነጠጠች «ይህ እጅ የማን ነው? አያመኝም። ልጆቼ ‘እማ’ ሲሉኝ ሌላ ሰው የሚጠሩ ይመስለኛል። እኔ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። ወንድሜ ጉም ዘሐረጎ፣ ይህች እናት እርስዎ በመጽሐፍ ያነበቡትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ነው የተናገረችው፤ ግን ነጻ አላወጣትም፤ ልጇን ጡት ማጥባት እስኪያቅታት ድረስ አስፈራት። እኛ ይህን ከራስ መነጠል እንለዋለን፤ ከባድ መከራ ያለፈበት ሰው ላይ የሚታይ የሕመም ምልክት ነው። ለእርሷ «ይህ አካል የእኔ አይደለም ብለሽ ተመልከቺ» ማለት የሰመጠን ሰው ዋና ለማስተማር ውሃውን መጨመር ነው።

ጃክ ኤንግለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ራሱ የቡድሃን ልምምድ የሚከተል ሰው ሆኖ ሳለ፣ ማንም ላለመሆን አስቀድሞ አንድ ሰው መሆን ያስፈልጋል ብሏል። አባባሉ ላይ ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል፤ ለእኔ ሥራ ግን ይበቃኛል። እኔነቱ ጠንክሮ ያነቀው ሰው አለ፤ እኔነቱ ተበትኖ የሚሰበስብለት የሚፈልግ ሰው ደግሞ አለ። አንዱን መድኃኒት ለሁለቱ መስጠት አይቻልም።

ደግሞም የጠቀሱትን ጥናት እንደገና ያንብቡት። 145ቱ ሰዎች በሥልጠናው ጊዜ በድብርት ውስጥ የነበሩ አይደሉም፤ ከድብርቱ ያገገሙ ነበሩ። ሥልጠናው የተሰጠው እንዳያገረሽባቸው ነው። ወደ እኛ በር የሚመጣው ግን ያገገመው አይደለም፤ ትናንት ሌሊት ያልተኛው ነው። ዓይንን ጨፍኖ ትንፋሽን መከታተል ለአንዳንዱ ዕረፍት ሲሆን፣ መከራ ላለፈበት ሰው ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያየው ነገር እንዲመለስበት ሊያደርግ ይችላል።

ጉም ዘሐረጎ

እህቴ ቦርከና ማዶ፣ እርማቱን ተቀብያለሁ። ስለ ጥናቱ ያሉት እውነት ነው፤ ቁጥሩን ጽፌ ቁጥሩ የማን እንደሆነ በቅጡ አልነገርኩም።

ጽሑፍዎን ካነበብኩ በኋላ ግን አንድ ያለፍኩት ታሪክ ትዝ አለኝ። ቫቻጎታ የሚባል ተንከራታች ወደ ቡድሃ መጥቶ «እኔነት አለን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቡድሃ ዝም ይላል። «እንግዲያስ የለምን?» ይለዋል። አሁንም ዝም ይላል። ሰውየው ተነሥቶ ሲሄድ አናንዳ የተባለው ደቀ መዝሙሩ ለምን እንዳልመለሰለት ይጠይቃል። ከሰጠው ምክንያት አንዱ እንዲህ ነው፦ «የለም» ብለው ኖሮ፣ ቀድሞውኑ ግራ የተጋባው ቫቻጎታ «ከዚህ በፊት የነበረኝ እኔነት አሁን ጠፋ» ብሎ ይበልጥ ግራ በተጋባ ነበር።

ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሳነብ የፍልስፍና ብልጠት መስሎኝ አልፌው ነበር። ከእርስዎ ታካሚ አጠገብ ሳስቀምጠው ግን ሌላ ሆነብኝ፤ የትምህርቱ ባለቤት ራሱ ትምህርቱን ለሁሉ አልሰጠም፤ መጀመሪያ የጠያቂውን ፊት አየ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ «ጨንቆት ወደ እኛ ለሚመጣ ሰው» ብዬ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትቼ ነበር።

ለመምህራችንም ምስጋናዬ ይድረስ፤ «ኝ»ን ፈልገው ያገኙብኝ እርስዎ ነዎት። ሊብሬን ስላነሣው ወንድማችን ደግሞ፣ ናጋሴና ሊብሬውን አልዘለለውም። ንጉሡ «ሠረገላ ስል ከዚህ ሁሉ መገጣጠም የተነሣ የሚሰጥ ስም ነው» ሲል «ሠረገላን በትክክል አውቀሃል» ብሎታል። ቡድሂስቶች በልማድ እውነት የሆነውንና በመጨረሻው እውነት የሆነውን ለይተው ይናገራሉ፤ ሊብሬው በመጀመሪያው ወገን ጸንቶ ይቆማል።

የዱአ ቤት ልጅ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ውይይቱ ላይ ነፍሲያ ሳይነሣ ማለፉ ወሎ ውስጥ የሚደረግ ውይይት አያስመስለውም። አያቴ ቡናው ፈልቶ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ ጀማው ከመንዙማው ሲያርፍ «ነፍሲያህን አትመናት» ይሉ ነበር። ሰው ሲቆጣ «ነፍሲያው ነው የተናገረው» ይባላል። ይህም ስሜትን ከራስ ለይቶ ማየት ነው፤ በዚህ ረገድ ወንድማችን ከሩቅ አገር ያመጣው ነገር እኛ ቤት ጎረቤት አለው።

ይሁንና ጎረቤት ነው እንጂ አንድ ቤት አይደለም። በእኛ ዘንድ ነፍስ አለች፤ ትገራለች፣ ትጠየቃለች፣ በፍርድ ቀን ሥራዋን ይዛ ትቆማለች። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ስለ ነፍስ ተጠያቂነት ከዚህ ብዙ የራቀ አይናገሩም። በአናታ ግን ሲፈለግ የሚገኝ ባለቤት የለም። ቡድሂስቶች የሥራ ዋጋ ከሞት በኋላም ይከተላል እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ባለቤት ከሌለ ማንን ይከተላል?

ይህን የማነሣው ለሙግት አይደለም። አንድ የምክር ባለሙያ ለአንዲት የደሴ እናት «ራስሽ የለሽም» የሚመስል ነገር ሲነግራት፣ እርሷ የምትሰማው ሥልጠና አይደለም፤ እምነቷን ካጂ የሚላት ነው የሚመስላት። «ነፍሲያሽ ነው፤ አትመኛት» ቢላት ግን ከልጅነቷ የምታውቀው ነው።

ጉም ዘሐረጎ

ወአለይኩም ሰላም። ለጥያቄዎ ናጋሴና የመለሰው በመብራት ነው፤ እኔ በኩራዝ ልበለው። አመሻሽ ላይ የተለኮሰ ኩራዝ ሌሊቱን ሙሉ ቢነድ፣ የምሽቱ ነበልባልና የንጋቱ ነበልባል አንድ ናቸውን? ያው አይደለም፤ ሌላም አይደለም፤ አንዱ አንዱን እያቀጣጠለ ነጋ። መልሱ እርስዎን እንደማያረካ አውቃለሁ፤ እኔንም ሙሉ በሙሉ አላረካኝም። ስለ «ነፍሲያ» የሰጡኝን ግን ነገ ጠዋት ሥራ ላይ አውለዋለሁ፤ ቃሉ ላማረው ሁሉ ሳይሆን በቃሉ ላደገ ሰው።

ድርና ማግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነፍሲያም በሉት ሁለተኛ ቀስት፣ ዛሬም ከምሽቱ አራት ሰዓት ገቢ ነኝ። እህቴ ቦርከና ማዶ፣ ብረት ሲወድቅ ምን ላድርግ?

ቦርከና ማዶ

ወንድሜ፣ ዓይንዎን አይጨፍኑ። ሁለቱንም እግርዎን ሲሚንቶው ላይ አጥብቀው ይርገጡ፤ ማሽኑን በእጅዎ ይንኩት፣ ሙቀቱ ይሰማዎት። በዙሪያዎ የሚያዩትን አምስት ነገር በስሙ ይጥሩ፦ ኮን፣ መጥረጊያ፣ የጓደኛዎ ሰማያዊ ካፖርት። ከዚያ ድምፅ አውጥተው «አስደነገጠኝ፤ ኮምቦልቻ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ» ይበሉ። «አስደነገጠኝ» ማለትዎን መምህራችን የሚፈቅዱ ይመስለኛል። የፈረቃ ኃላፊዎን የሚያምኑት ከሆነ ይንገሩትና ጀርባዎ ወደ ግድግዳው በሚሆንበት ማሽን ላይ ያሠራዎት።

ቅዠቱ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ካልለቀቀዎት ግን ብቻዎን አይቀመጡ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም የአእምሮ ጤና ክፍል ይሂዱ። ወደ እኔ ክፍል ከመጡ መጀመሪያ የምጠይቅዎት ስምዎን፣ የአባትዎን ስምና ጠዋት ምን እንደበሉ ነው። ስለ ቡድሃ ከተነሣም ከዚያ በኋላ ነው።